ያለ ገመድ ከሚወጡት የተማርኩት

አለት መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ሰው ለምን ያለ ገመድ ይወጣል? እኔ የምወጣው በገመድ ነው፤ የመተውም ሐሳብ የለኝም። የእነሱን አስተሳሰብ ማጥናቴ ግን አወጣጤን ቀይሮታል።

ብዙ ሰው ለአድሬናሊን (አደጋ ሲገጥም ሰውነት ለሚረጨው ስሜት ቀስቃሽ ንጥረ ነገር) ብለው የሚያደርጉት ይመስለዋል። እንደኔ ግን የሚስባቸው ሌላ ነው። ጫማና የእጅን ላብ የሚያደርቅ ዱቄት ብቻ ይዞ፣ መሣሪያ ለማሰር ሳይቆሙ፣ ሳያቋርጡ መውጣት። ልብ በኃይል መምታት ከጀመረማ አደጋ ቀርቧል።

ይህ የገባኝ ስላብ ላይ ነው። ስላብ ጋደል ያለ ለስላሳ አለት ነው፤ ይህ ነው የሚባል መርገጫ የለውም። የሚይዛችሁ የጫማው ጎማ ከአለቱ ጋር ያለው ፍትጊያ ብቻ ነው። ፍትጊያው ደግሞ የሚጠነክረው ክብደታችሁ እግራችሁ ላይ ሲያርፍ ነው። ፍርሃት ሲመጣ ሰውነት አለቱን ማቀፍ ይፈልጋል። ደረት ሲጠጋ ክብደቱ ከእግር ይሸሻል፣ ጫማውም ሸርተት ይላል። ጣቶችም ከሚገባው በላይ ይጨብጣሉ፣ ክንድ ቶሎ ይዝላል። የሚጥላችሁ ፍርሃቱ ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ያለ ገመድ የሚወጡት ፍርሃቱን መሬት ላይ ሳሉ ነው የሚጨርሱት። አሜሪካዊው አለት ወጪ አሌክስ ሆኖልድ ካሊፎርኒያ ያለውን፣ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ኤል ካፒታን የተባለ አለት ያለ ገመድ የወጣው እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2017 ነው፤ 3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ በፊት መስመሩን በገመድ ደጋግሞ ተለማምዶ፣ ከባዱን ቦታ የትኛው እጅ የት እንደሚያርፍ ሳይቀር በቃሉ ያዘ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ሞክሮ ስላቡ ላይ ሲደርስ ልቡ ስላልተቀበለው ተመልሷል። እኔ ከመውጣቱ ይልቅ መመለሱን አደንቃለሁ። ዝግጅት ሁሉንም አያድንም፤ ለአሥርት ዓመታት ያለ ገመድ የወጣው ጆን ባካር እ.ኤ.አ. በ2009 ወድቆ ሞቷል።

አሁን ገመዴን አስሬም ቢሆን መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ መስመሩን በሐሳቤ እወጣለሁ። ቀጥሎ የሚረግጠው እግር የትኛው እንደሆነ ካልመጣልኝ አልጀምርም። መንገዱ እስኪሰለቸኝ እደጋግመዋለሁ። ስላብ ላይ ይንቀጠቀጥ የነበረው እግሬ አሁን ረግቷል፣ ትንፋሼም እንደዚያው።

ቀጣዩ ሥራዬ የወጣሁትን በእጅና በእግር መውረድ ነው። መርገጫውን ከላይ ሆኖ ማየት ይከብዳል፤ እግርን በዳበሳ ነው የሚያሳርፉት። ለጊዜው የምለማመደው ቀላል መስመሮች ላይ ነው።