በነሐሴ የሞቀ ገመድ

የስልክ ገመዱ ሉፕ፣ ማለትም ሄዶ የሚመለሰው ጥንድ ሽቦ፣ ንባቡ 412 ኦም። በፕላኑ ስሌት መሆን የነበረበት 368። ክርክሩ ሁሉ የተነሳው ከመሃላቸው ካለው 44 ኦም ነው፤ ገና ዓመት ባልሞላው የእግረኛ መንገድ ላይ ሁለት ጉድጓድ ያስቆፈረውም እሱው ነው።

ገመዱ ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና የሚወርድ አሮጌ ፕራይመሪ ነው፣ ከስልክ ጣቢያው እስከ መንገድ ዳር ካቢኔት የሚሄድ ዋና ገመድ፤ 200 ጥንድ፣ ሽቦው 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ ወረቀት፣ ላዩ የእርሳስ ብረት ልባስ። የጥገና ቡድናችን ልጆች «ሙዚየም» ይሉታል። ከ200ው በሕይወት ያለው 26 ጥንድ ብቻ ነው። ይሁንና ከ26ቱ መካከል የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የማንቂያ መስመርና የሁለት ሕንፃ የሊፍት ስልክ ስላለበት «ፋይበር እስኪገባላችሁ ታገሱ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ መስመሮቹ መንጫጫት ጀመሩ። ነሐሴ ሲገባ ኢንሱሌሽኑ፣ ሽቦን ከሽቦ የሚለየው መከላከያ፣ 40 ኪሎ ኦም ላይ ወረደ፤ ጤነኛ ገመድ በሜጋ ኦም ነው የሚለካው።

ወረቀት ውኃ ካገኘ እንደ ኩራዝ ክር ይስባል። ቀዳዳው አንድ ቦታ ቢሆንም እርጥበቱ በየቀኑ ግራና ቀኝ እየተጓዘ ጥንዶቹን ይለቅማል። ቲዲአር፣ ምት ወደ ሽቦው ልኮ ከሚመለሰው ርቀት የሚለካው መሣሪያ፣ ለዚህ ዓይነቱ እምብዛም አይሆንም። ሽቦው ተበጥሶ ወይም ሾርት ሆኖ ቢሆን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ የ40 ኪሎ ኦም ፎልት (ብልሽት) ግን ስክሪኑ ላይ ከተራ ጆይንት (መገጣጠሚያ) አይለይም። የቀረው ብሪጅ ነው፤ የሽቦዎችን ሬዚስታንስ እያነጻጸረ ፎልት የሚፈልግ መለኪያ። ካቢኔቱ ጋ አንድ ደህና ሽቦ ከታመመው ጋር ይጣመራል፤ ከጣቢያው በኩል ይለካል። ብሪጁ የሚሰጠው ሜትር አይደለም፤ ድርሻ ነው፤ ፎልቱ ከጠቅላላው ደርሶ መልስ ምን ያህሉ ላይ እንዳለ። የኛው 0.29 አለ።

ድርሻውን ወደ ሜትር የሚለውጠው የገመዱ ርዝመት ነው። ፕላኑ 1,340 ሜትር ይላል፤ ደርሶ መልስ 2,680፤ በ0.29 ሲባዛ 777። ኢንጂነሩ ይህን አስልቶ 777ኛው ሜትር ላይ ቀይ ቀለም አስቀባ።

ጋሽዬ ቀለሙን አዩት እንጂ ምንም አላሉም። ከመካከላችን የእርሳስ ጆይንት በእጃቸው የሠሩ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ለሁሉም ጋሽዬ ናቸው። የክብሪት ሳጥን አውጥተው ጀርባው ላይ ጻፉ። 0.4 ሽቦ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሉፕ ወደ 275 ኦም ነው፤ ስለዚህ 412 ኦም የሚሰጠው 1,340 ሜትር ሳይሆን 1,500 ሜትር ገመድ ነው።

«160 ሜትር የት ሄደ?» አሉ።

«ሙቀት ነው» አለ ኢንጂነሩ።

መዳብ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ መጨመሩ እውነት ነው፤ በአንድ ዲግሪ 0.39 በመቶ ገደማ። ጋሽዬ ሳጥኑን ገለበጡት። ንባቡ የጨመረው 12 በመቶ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ገመዱ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ ሌላ 30 መሞቅ አለበት።

«50 ዲግሪ» አሉ። «በነሐሴ። ፒያሳ። ከመሬት በታች። ምን፣ ፍል ውሃ ላይ ነው እንዴ የተኛው?»

ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ሳቀ። ኢንጂነሩ አልሳቀም፤ አለመሳቁ ነው ሁለተኛውን ጉድጓድ ያስቆፈረው። ሌላ ምክንያት እንዳይኖር ስድስት ጥንድ ለየብቻ ተለክቷል፤ የላላ ጆይንት ቢሆን አንዱ ከሌላው ይለያይ ነበር፣ ሁሉም ግን 412 አካባቢ ናቸው። መሃል ላይ 0.5 ሽቦ ገብቶ ቢሆን ደግሞ ንባቡ ይወርዳል እንጂ አይወጣም፤ 0.5 በኪሎ ሜትር ወደ 176 ኦም ነው። ይህ ሁሉ ተነግሮት በ777 ተቆፈረ። ደረቅ ዳክት (የገመድ ቱቦ)። «የመለኪያ ስህተት ይኖራል» ተባለና በ770 ተቆፈረ። እሱም ደረቅ። ድንጋዩን መልሶ ማንጠፍ በማን ሂሳብ እንደተያዘ ባልናገር ይሻላል።

በ1,500 ሜትር ሲሰላ ፎልቱ 870 ላይ ይወድቃል። 790 ላይ ማንሆል አለ። 80 ሜትር ልዩነት፤ ገመዱ ከማንሆሉ ወጥቶ 80 ሄዶ 80 ከተመለሰ 160ው ተገኘ፣ ፎልቱም ልክ መታጠፊያው ጫፍ ላይ ነው። ወዴት ነው የሚታጠፈው? ማንሆሉ ውስጥ ስምንት ተመሳሳይ የእርሳስ ገመድ አለ፤ ግማሹ በደለል ተውጧል፣ የቁጥር ታጎቹን ዝገት በልቷቸዋል። ቶን፣ ማለትም የድምፅ ምልክት፣ በገመዱ ልኮ ከውጭ መስማትም አልሆነም፤ እርሳሱ ድምፁን አፍኖ ይይዘዋል።

ፎቶውን ያመጣው ትንሹ ነው፤ ሻይ ላይ፣ ስልኩን እየገፋ። ቴሌግራም ላይ አሮጌ ሕንፃ እየዞሩ የሚያነሱ ልጆች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ «የጣሊያን ምስጢራዊ የስለላ ቢሮ፣ ፒያሳ» ብሎ 38 ፎቶ ለጥፏል። ከሥሩ አንዱ ዋሻው ቤተ መንግሥት ይደርሳል ይላል፣ ሌላው ከንፋስ ስልክ ጋር ያገናኘዋል። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው እኮ ያለ ሽቦ ከሚሠራው ጣቢያ ነው፤ ዋሻ ምን ያደርግለታል?

ስምንተኛው ፎቶ ላይ ጋሽዬ መነጽራቸውን አደረጉ። የምድር ቤት ግድግዳ፣ የብረት መደርደሪያ፣ መሃሉ ላይ የሰው ጭን የሚያህል የእርሳስ ስሊቭ፣ የገመድ መገጣጠሚያ የሚሸፍን ልባስ። ከስሊቩ ከአንዱ ወገን እርሳስ ገመድ ይገባል፤ ከሌላው ወገን ከእርሳሱ ጎን ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን ገመድ ይወጣል። ይቺ ቀጭን ገመድ ብቻዋን የስለላ ቢሮውን ታፈርሰዋለች፤ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሄዷል፣ ፕላስቲክ ልባስ ያለው የስልክ ገመድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽዬ ግን የሚያዩት ሌላ ነው። በጣታቸው ምስሉን አሰፉት። ስሊቩ አንገት ላይ የታሰረች የእርሳስ ታግ፤ ቁጥሩ የኛው ገመድ ቁጥር።

ልጁ ሎኬሽኑንም አያይዞታል። ከ790ው ማንሆል በቀጥታ 74 ሜትር።

ሕንፃው ለመፍረስ ተራ የሚጠብቅ ነው። ዘበኛው በሩ ላይ «ደብዳቤ አላችሁ?» አለን። አልነበረንም፤ ደብዳቤው ሁለት ቀን ፈጀ። ትንሹ ለልጁ ጽፎለት ስለነበር እሱም በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ፖሊስ የጠራው መስሎት ፊቱ አመድ መስሏል። የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ አለ።

«አንተ በየት ነው የገባኸው?» አሉት ጋሽዬ።

«ከኋላ በኩል አጥሩ ክፍት ነው ጋሼ።»

«ደብዳቤስ?»

ዝም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ የተተወ ቦታ መስሎኝ ነው።»

«ማነው የተወው?»

«ማለቴ... አቧራውን ሳይ።»

«የኔም የዕቃ ሳጥን አቧራ ነው። ትቼዋለሁ?»

ልጁ በጨዋነት «አይ» አለ። ጋሽዬ አልለቀቁትም። ስልኩ ሳይነሳ መስመሩ ላይ 48 ቮልት እንዳለ፣ ያን ጣቱ እምብዛም እንደማያውቀው፣ ሲጠራ ግን ከ75 እስከ 90 ቮልት ተለዋዋጭ እንደሚመጣ፣ ያኔ በደንብ እንደሚያውቀው ነገሩት። ልጁ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። እዚህ ላይ ትንሽ የለዘቡ መሰለን። ከዚያ ወለሉ ላይ የሰም ጠብታ አዩ።

«ሻማ ነው?»

«ለፎቶው ብርሃን ነው ጋሼ። በባትሪ ሲሆን ምስሉ ይገረጣል።»

ጋሽዬ ተቀመጡ። ቁጣ ጠብቀን ነበር፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ። ይህ ምድር ቤት በዳክቶቹ በኩል ከማንሆሉ ጋር አንድ አየር ነው፣ ማንሆሉ ከፍሳሹ ጎረቤት ነው። ማንሆል ሲከፈት እንኳ ወዲያው አይወረድም፤ ብሎወር ይነፋበታል፣ የጋዝ መለኪያው በገመድ ታስሮ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይወርዳል። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ ካነሰ መግባት የለም። ሚቴን ከአየሩ 5 በመቶ ሲደርስ የሚጠብቀው እሳት ብቻ ነው፤ ሻማ ማለት ያ እሳት ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ደግሞ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ሲባል ሰውየው ነው እየጠፋ ያለው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩትና «ስንት ሆናችሁ ገባችሁ?» አሉት።

«አራት።»

«አራት እናት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ጥገናው ሁለት ቀን ወሰደ። ስሊቩ በቀኝ አንገቱ በኩል፣ እርሳሱ ከገመዱ ጋር በተበየደበት ጫፍ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አላት። የክረምቱ ውኃ ባልተደፈነ ዳክት ገብቶ መደርደሪያው ላይ ተንጠባጥቧል። አሮጌ ወረቀት ላይ የጥንዶቹ ቀለም ደብዝዞ ስለማይለይ ከመቁረጥ በፊት እያንዳንዱ ጥንድ ከጣቢያው ቶን እየተላከለት ታግ ይደረጋል፤ ይህ ካልሆነ ከአንዱ ጥንድ አንድ፣ ከሌላው አንድ ይገናኝና የባንኩ መስመር የሊፍቱን ሰው ወሬ ይሰማል። እርጥበቱ የት እንደሚያበቃ የሚነግረው ፓራፊን ነው። ከ100 ዲግሪ በላይ በጋለ ፓራፊን ውስጥ የሽቦው ወረቀት ቁራጭ ይነከራል፤ ከተንጨረጨረ ውኃ አለበት፣ እንደገና ወደኋላ ይቆረጣል። በአንዱ ወገን 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 90 ሄደን ነው ዝም ያለው። መሃሉ ላይ ጄል ያለው አዲስ ገመድ ገባ፣ ጥንዶቹ በጄል ማገናኛ ተያያዙ፣ ላዩ በሙቀት በሚሸበሸብ ስሊቭ ተዘጋ። እርሳሱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አስቀድሞ መሞቅ አለበት፤ ቀዝቃዛ እርሳስ ላይ ማጣበቂያው የያዘ ይመስላል፣ በሚቀጥለው ክረምት ይለቃል። በመጨረሻ ኢንሱሌሽኑ ከ50 ሜጋ ኦም በላይ ወጣ።

አንድ ነገር ይቀራል። አሮጌው ስሊቭ ከመደርደሪያው ሲወርድ አናቱ ላይ ያለው አቧራ የጫማ ሶል ቅርጽ ነበረው፤ ኒው ባላንስ ነው ያለው ትንሹ። 31ኛው ፎቶ ከኮርኒሱ ሥር ወደታች የተነሳ ነው፤ አንድ ነገር ላይ ሳይወጡ አይነሳም። የተለጠፈው ሐምሌ 24፣ የመጀመሪያው አቤቱታ የመጣው ሐምሌ 28። ጋሽዬ ቅርጹን አዩት፣ ልጁን አዩት፣ በጨርቅ ጠረጉት። ሪፖርቱ ላይ የስንጥቁ ምክንያት «በተሽከርካሪ ንዝረት የመጣ የእርሳስ ድካም» ተብሏል። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ አለ፤ እርሳስ ለዓመታት ሲንቀጠቀጥ በብየዳው ጫፍ ይሰነጠቃል። ኢንጂነሩ ሳያነብ ፈረመ።

ልጁ ሲሰናበት ጋሽዬ ፎቶውንም ሎኬሽኑንም እንዲያጠፋ ነገሩት። መዳብ በኪሎ የሚሸጥ ነገር ነው፤ የገመድ ሌባ ፒያሳ ምድር ቤት ለመግባት ካርታ ብቻ ነው የጎደለው። ልጁ እዚያው ቆሞ አጠፋው። «እናንተ ግን ያገኛችሁት በሱ አይደል?» አለ። ጋሽዬ «ነው» አሉት፤ «አጥፋው»።

መስከረም ላይ ኢንጂነሩ ደወለ። ለአዲስ ቁፋሮ ፕላኑ ይስተካከል ተብሏል፤ ዳክቶቹ በየትኛው ግድግዳ፣ ከወለሉ በስንት ከፍታ እንደሚገቡ ይፈለጋል። ሕንፃው በዚህ ጊዜ ታሽጓል። እኛ ያነሳነው ሁለት ፎቶ ብቻ ነው፤ ሁለቱም የአዲሱ ስሊቭ ናቸው፣ ለክፍያ ማያያዣ።

«ያ ልጅ የለጠፈውን ላኩልኝ» አለ።

ትንሹ ለልጁ ደወለለት። ቴሌግራም ላይ የለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን 38ቱም አሉ። ይሰጣል፣ ችግር የለበትም። ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ አለ።

ደብዳቤው ተረቋል፤ ፊርማ ላይ ነው።