አባባ ክኒኑን በምላጭ ሲቆርጡ

ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ሄጄ አባባ የግፊት ክኒናቸውን በምላጭ ለሁለት ሲቆርጡ አየኋቸው። ምን እየሰሩ ነው ስላቸው "ሙሉው ያዞረኛል" አሉኝ፣ በኋላ እማዬ ጓዳ ጠርታ ወር ሳይሞላ እንዳያልቅባቸው ብለው እንደሆነ ነገረችኝ። ግፊት ደግሞ ስለማያም የሚሻላቸው ይመስላቸዋል፣ ውስጥ ውስጡን ግን ልብንና ኩላሊትን ነው የሚጎዳው።

አባባ መምህር ነበሩ፣ 60 ሲሞላቸው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ሲሰላ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደሞዝ 30 በመቶ ይያዛል፣ ከዛ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ እና 30 ዓመት ጠመኔ የያዘ ሰው የሚደርሰው 55 በመቶ ነው፣ ያውም በድሮ ደሞዝ! ሐምሌ 2016 ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒትም ቆርቆሮም ዋጋው አብሮ ወጣ። ለጣራ መቀየሪያ ብለው ባንክ ያስቀመጡት ብር ከደብተሩ ላይ አልጎደለም፣ ግን አሁን ግማሽ ጣራም አያለብስም።

እኔ ብጎዳ ሌላ ስራ እፈልጋለሁ፣ ትርፍ ሰዓትም እሰራለሁ። ሽማግሌ ሰው ግን ያጣውን መልሶ የሚይዝበት ጊዜ የለውም፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቀውስ ሲገባ የጡረታ ቁጠባቸው አክሲዮን ላይ የነበረ ሰዎች ሊያርፉ ሲሉ ገንዘቡ ወርዶባቸው ስራ ላይ ቆዩ፣ ግሪክ ደግሞ ከ2010 በኋላ ጡረታውን ራሱን ደጋግመው ቀነሱት።

እኔን በጣም ያመመኝ ግን ሌላ ነው። አባባ ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቻቸው ጋር ሻይ ይጠጡ ነበር፣ ተራቸው ሲደርስ መክፈል ሲያቅታቸው "ብርድ ነው" እያሉ ቀሩ። እማዬም ጠላውና ድግሱ ስለከበዳት ማህበሯን ልትተው ነው፣ ስንት ዓመት የጠጣችውን ማህበር! ሁለቱም ቤት ውለው ዝም ይላሉ፣ አባባ ማታ እንቅልፍ የላቸውም። ስልክ ላይ ግን "ደህና ነን፣ አታስብ" ነው ሁሌ። እኔም አምኜ ስልኩን እዘጋ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግረን የ3 ወር መድኃኒት ገዛን፣ የማህበሩንም ተራ ለመደገስ ተከፋፈልን። አሁን ስደውል ደህና ናችሁ ወይ አልልም፣ እማዬን ስንት ክኒን ቀረ ብዬ ነው የምጠይቃት፣ እሷም ስልኩን ሳትዘጋ አንድ በአንድ ትቆጥርልኛለች።