የኡራ ኪዳነ ምሕረት ስለቴ

ለእመቤቴ ኪዳነ ምሕረት የተሳልኩት ሦስት ነገር ነበር። ጥላ አስገባለሁ፤ ለንግሥሽ የመጣውን ሕዝብ ውሃ አጠጣለሁ፤ ያደረግሽልኝን በአደባባይ እመሰክራለሁ። ሁለቱን ያኔውኑ ፈጽሜአለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ብዙ ዓመት የሠራሁት ደግሞ ጆሃንስበርግ። በ2012 ዓ.ም. አገሬ ልገባ ስነሳ አውሮፕላን አልፈለግሁም። በመካከል ያሉትን አገሮች በዓይኔ ማየት ምኞቴ ነበር። አንዲት አሮጌ ሃያስ ገዛሁ። የኋላ ወንበሮቿን አስነቅዬ አልጋ አሠራሁባት። ቡታጋዝ፣ ጀሪካን፣ ትንሽ የሶላር መብራት ገባባት። ከፊት መስታወቷ በላይ የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ለጠፍሁ።

እማዬ በስልክ "ሴት ልጅ ብቻዋን? በማታውቂው አገር?" ብላ አለቀሰች። ከሰነበተች በኋላ ግን "ኡራ ሄጄ ለእመቤቴ አደራ ሰጥቼሻለሁ፤ በይ ተነሺ" አለችኝ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ዘጌ ላይ፣ ቡናው ጫካ ውስጥ ነው። እንደ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም አይደለም። እናቶቻችን ደጅ የሚጠኑት እዚያ ነው።

ሊምፖፖን ተሻግሬ ዚምባብዌ፣ ከዚያ ዛምቢያ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያ። ቪክቶሪያ ፏፏቴ 108 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ጭሱን ከሩቅ አይቼ ጢስ ዓባይ ትዝ አለኝ፤ ዕንባዬ መጣ። ማታ ማታ ዘበኛ ያለው ነዳጅ ማደያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ግቢ አስፈቅጄ አድራለሁ። በሩን ቆልፌ፣ መጋረጃዬን ጋርጄ፣ ጸሎቴን አድርሼ እተኛለሁ። ክፉ ነገር አልገጠመኝም።

ፈተናው የመጣው ሰሜን ኬንያ ላይ ነው።

ከማርሳቢት እስከ ሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልቱ ጥሩ ነው። ግራ ቀኙ ግን ዲዳ ገልገሉ የሚባል በረሃ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ብቻ። ያን ጊዜ ደግሞ አንበጣው ነበር። ኬንያ በ70 ዓመት ያላየችው መንጋ ነው፤ የኛንም ገበሬ እንዳስለቀሰ ታስታውሳላችሁ። ቡቢሳን አልፌ ቱርቢ ሳልደርስ መሐሉ ገባሁ። ሰማዩ ቢጫ ሆነ። መስታወቱ ላይ እንደ በረዶ ይወርዳል። ዋይፐሩ እየጨፈለቀ ቅባት በቅባት አደረገው። ወዲያው የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ወጣ። ከፊት በኩል ጧ! አለና እንፋሎት ሸፈነኝ።

ወረድሁ። የራዲያተሩ ፊት ተደፍኗል። ክንፉ፣ እግሩ፣ ሆዱ ተጣብቆ አየር አያስገባም። የላይኛው ቱቦ ፈንድቷል። አንበጣውን በቢላ ፍቄ አወጣሁ። ቱቦውን በጎማ ላስቲክ ጠምጥሜ በሽቦ አሰርሁት፤ ያን ያህል እችላለሁ። ውሃ ግን የለም። ጀሪካኔ ከሥሩ ተሰንጥቆ ባዶውን ቀርቷል። ያለኝ ግማሽ ሃይላንድ ነው፤ ለራዲያተሩ ምኑም አይደለም። ኔትወርክ የለም። ሁለት ከባድ መኪና አለፈኝ፤ አልቆሙም። አልፈርድባቸውም። በዚያ መንገድ ሲመሽ ሽፍታ ይፈራል፤ ዳር የቆመ መኪናም ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።

ያኔ ጉልበቴ ከዳኝ። አስፋልቱ ላይ ተንበረከክሁ። ረጅም ጸሎት አልወጣልኝም። "ኪዳነ ምሕረት፣ እማዬ አደራ ሰጥታሻለች። ውሃ ስጪኝ" አልሁ። ስለቴንም ተሳልሁ፤ የጥላውን ቀለም ሳይቀር ነገርኳት።

ገና ሳልነሳ የእንጨት ቃጭል ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ሁለት ግመል እየሳቡ በድንጋዩ መሐል ይመጣሉ። ግመሎቹ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተጭኗል። በምችላት ጥቂት ኦሮምኛ ውሃ ለመንኳቸው። መኪናዋን አዩ፤ እኔን አዩ። አንዱን ጀሪካን ፈትተው አወረዱ። መጀመሪያ ለኔ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝና እስክጨርስ ቆሙ። ከዚያ ራዲያተሩን ሞላን። ቤት የሚጠብቀው ልጅና ፍየል ያለው ውሃ እኮ ነው! ብር ላወጣ ስል መዳፌን መልሰው ዘጉት። በጣታቸው ወደ ሰማይ አሳዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። በዚያው ሌሊት ሞያሌ ገባሁ።

"እድል ነው" የሚሉኝ አሉ። በረሃ ላይ ግመል ጎታች መገኘቱ ምን ይገርማል ይላሉ። በዚያ ሰፊ ምድር፣ በዚያች ሰዓት፣ ያውም ውሃ ጭነው! ማን እንደላካቸው እኔ አውቃለሁ። እኚያ አባት በሃይማኖት የኔ ወገን አልመሰሉኝም። አምላክ ግን በእጃቸው ደረሰልኝ። ስማቸውን አላውቅም፤ በጸሎቴ "ውሃ የሰጡኝ አባት" እያልሁ አነሳቸዋለሁ።

ከሞያሌ ወዲህ ያለው መንገድ ቀላል አልነበረም። ኬንያ በግራ ስነዳ ቆይቼ እኛ አገር በቀኝ ሆነ፤ መሪዬ ደግሞ በቀኝ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ዓባይ በረሃን ስሻገር ከፊቴ ያለውን መኪና ለመቅደም አልሞከርሁም። ብቻ ለየካቲት 16 ደረስሁ።

የንግሡ ዕለት ከእማዬ ጋር በጀልባ ዘጌ ተሻገርን። ወርቃማ ዘርፍ ያለውን አረንጓዴ ጥላ ለካህናቱ አስረከብሁ። ወደ ገዳሙ በሚያወጣው መንገድ፣ ቡናው ሥር፣ ጀሪካን ደርድሬ ሕዝቡን ሳጠጣ ዋልሁ። እማዬ ጣሳ ታለቀልቃለች። ሰው ሲቀል እጄን ይዛ በላዔ ሰብእ ከተሣለበት ግድግዳ ፊት አቆመችኝ። 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድውይ ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ ነፍሱ ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውሃ ደፋች። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሥዕል ነው። ያን ቀን ግን ሥሩ ተቀምጬ አለቀስሁ። እማዬ "ለእኚያም ሰው እንዲሁ ይመዘንላቸው" አለች።

መጋቢት 14 ላይ በኮሮና ምክንያት የየብስ ድንበሩ ሁሉ ተዘጋ። በረሃው አንድ ወር አዘግይቶኝ ቢሆን ኖሮ አስቡት።

ልጃችሁ ብቻውን ወይም ብቻዋን በሰው አገር መንገድ ላይ ያለባችሁ እናቶች፣ የክርስትና ስማቸውን ጻፉልኝ። በ16 ኡራ ስሄድ አስጠራላችኋለሁ።

ስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።