የካሜራው ቦታና የማይክሮፎኑ ቦታ፦ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ለሚቀርጹ

ከአዲስ አበባ ከሚወጡት መንገዶች መካከል የመኪና ጉዞ ለሚቀርጽ ሰው እንደ ዓባይ በረሃ ፈታኝ የሆነ አላውቅም። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ደጀን እስኪደርስ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ከሥሩ ያለው መሬት የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ በየቦታው ጎብጧል፤ ፀሐይዋ በአንዱ ጥምዝ ከፊት፣ በሚቀጥለው ከጎን ትመጣለች፤ ጎሃ ጽዮን ላይ ጃኬት ያስለበሰው አየር ታች ሲደርስ ይፋጃል፤ የጭነት መኪኖች ደግሞ በከባድ ማርሽ እያጓሩ ስለሚሄዱ ከነሱ ኋላ የተሰለፈ ተሽከርካሪ ሁሉ ያንኑ ጩኸት ተሸክሞ ይጓዛል። ስለ ካሜራና ስለ ማይክሮፎን አቀማመጥ የምለውን ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ አስደግፌ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ የሠራ ዘዴ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ አይቸገርም።

በየዕለቱ የምናያቸው የጉዞ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ምስላቸው ደህና ሆኖ ድምፃቸው የማይሰማ ነው። ምክንያቱ የመሣሪያው ርካሽነት አይመስለኝም። ካሜራውና ማይክሮፎኑ አንድ ዕቃ ስለሆኑ አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ለካሜራ የሚመቸው ቦታ ግን ለማይክሮፎን ከሁሉም የከፋው ነው። ካሜራ የፊት መስታወቱን ይወዳል። መስታወቱ ደግሞ ነፋሱ መጀመሪያ የሚመታው፣ ዝናቡ የሚያርፍበት፣ የቬንትሌተሩ አየር ከሥሩ የሚነፋበት፣ የሞተሩም ንዝረት የሚደርስበት ቦታ ነው፤ ይህ ሁሉ በመያዣው በኩል አልፎ ወደ ካሜራው ሆድ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ሁለቱን መለያየት ነው።

ካሜራውን የማስቀምጠው ከውስጠኛው ስፖኪዮ ጀርባ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ተሳፋሪው ወገን ጠጋ አድርጌ ነው። እዚያ ሲሆን የሹፌሩን እይታ አይጋርድም፣ የዝናብ መጥረጊያው በሚደርስበት ክልል ውስጥ ይውላል፣ ከፍታውም ከሰው ዓይን ጋር ይቀራረባል። ከምስሉ ግርጌ የኮፈኑ ጫፍ በመጠኑ መታየት አለበት የሚል አቋም አለኝ፤ ኮፈን የሌለበት ምስል መኪናው ሲታጠፍም ሆነ ሲያዘቀዝቅ ለተመልካቹ አይነግረውም፣ የዓባይን ቁልቁለት ሜዳ ያስመስለዋል። ሌንሱ ለመስታወቱ በተጠጋ መጠን በመስታወቱ ላይ ያለው አቧራና የሞቱ ነፍሳት እየደበዘዙ ይጠፋሉ፤ ከዳሽቦርዱ የሚንጸባረቀውም ይቀንሳል። ለቀረው ነጸብራቅ ዳሽቦርዱ ላይ የማያብለጨልጭ ጥቁር ጨርቅ ማንጠፍ ከብዙ ውድ ዕቃ ይሻላል። ነጸብራቅ የሚቀንሰው የፖላራይዘር ማጣሪያም ለፊት መስታወት ጥሩ ነው፤ በጎን መስኮት በኩል ሲቀረጽ ግን መነሣት አለበት፣ ምክንያቱም የጎኑ መስታወት በሙቀት የጠነከረ በመሆኑ በማጣሪያው ሲታይ ነጠብጣብና ቀስተ ደመና ያወጣል።

ከመስታወቱ ላይ የማይነሣውን ቦሎ አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ ሰፊ ሌንስ ከታሰበው በላይ ጥግ ስለሚያሳይ ቦሎው በምስሉ ጠርዝ ብቅ ይላል። ከስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለ መቁጠሪያ ወይም መስቀል ካለ ደግሞ ለጉዞው ያህል ባለቤቱን አስፈቅዶ ወደ ኪስ መሳቢያ ማስገባት ነው። በእያንዳንዱ ጥምዝ ሲወዛወዝ ካሜራው ትኩረቱን እሱ ላይ ያደርግና ገደሉ ይደበዝዛል። መቁጠሪያ ባይኖርም እንኳ የካሜራውን የራስ ሰር ትኩረት አጥፍቶ ሩቁን እንዲያይ መቆለፍ ይሻላል።

መስታወት ላይ የሚጣበቀው የጎማ መያዣ ብዙ ሰው የማያስበው ጠባይ አለው። ጎማውን የሚይዘው የውጭው አየር ግፊት ነው፤ የአየር ግፊት ደግሞ ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ አምራቹ በሳጥኑ ላይ ይሸከማል ብሎ የጻፈው ክብደት እኛ ዘንድ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከዚያም ያንሳል። መያዣውን ጎሃ ጽዮን ላይ ለጥፎ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ጎማው እየጠበቀለት ይሄዳል። ወንዙ ዳር ለጥፎ ወደ ደጀን የሚወጣው ግን ከውስጥ የቀረችው አየር እየሰፋች፣ የውጩ ግፊት እየቀነሰ መያዣው ይላላበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መስታወቱንና ጎማውን በአልኮል ጠርጎ መለጠፍ፣ ሽቅብ ሲወጣ በየእረፍቱ አንዴ ተጭኖ ማጥበቅ፣ ካሜራውንም በጠንካራ ገመድ ከስፖኪዮው እግር ጋር ማሰር። ካሜራ ከኮፈን ላይ ወይም ከበር ውጭ የሚያስር ሰው ገመዱን ሁለት ያድርገው፤ የእኛ መንገድ ከብትና ሕፃን የሚመላለስበት ነውና ከመኪና ላይ የሚወድቅ ዕቃ በካሜራው ዋጋ ብቻ አይለካም።

ንዝረትን በተመለከተ የካሜራው ማረጋጊያ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። ዘመናዊ ካሜራዎች መንቀጥቀጡን የሚያውቁት በውስጣቸው ባለ የእንቅስቃሴ መለኪያ እንጂ በምስሉ አይደለም። መኪናው ጥምዙን ሲዞር መለኪያው ዙረቱን እንደ እጅ መንቀጥቀጥ ቆጥሮ ለመቃወም ይሞክራል። ካሜራው ወደ ውጭ የሚያይ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ወደ ሹፌሩ የዞረ ከሆነ ግን መሪውና ወንበሩ በማዕበል ላይ እንዳለ ጀልባ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲዋልሉ ይታያሉ። ስለዚህ የመኪናውን ውስጥ ለሚያሳይ ካሜራ ማረጋጊያውን ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ፣ ለውጩ በዝቅተኛው ደረጃ እተወዋለሁ፤ አጭርና ጠንካራ መያዣ መጠቀም ከማንኛውም ማረጋጊያ ይቀድማል። በስልክ ለሚቀርጹ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ አፕል በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከኃይለኛ ሞተር ሳይክል የሚመጣ ንዝረት ለረጅም ጊዜ ሲደርስባቸው የአይፎን ካሜራዎች ሊጎዱ እንደሚችሉ አስታውቋል። መኪና ያን ያህል ባይነዝርም፣ ስልኩን ንዝረት በሚውጥ ላስቲክ ላይ ማሳረፍ አይከፋም።

የብርሃኑን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። መጋለጡን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ በሰማዩ ሳይሆን በመንገዱ ልክ አስተካክሎ መቆለፍ ነው፤ አለዚያ መኪናው ወደ ገደሉ ጥላ በገባና በወጣ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል፣ ይነጣል። ማታ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለሚቀርጽ ሰው፣ የኤሌክትሪክ ኃይላችን 50 ሄርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 25 ምስል እና የ1/50 ሴኮንድ መዝጊያ ፍጥነት የመንገድ መብራቶቹን ብልጭ ድርግም ማለት በአብዛኛው ያጠፋል።

ወንዙ ጋ ሲደረስ ሙቀቱ ካሜራውን ያስቆማል። ፀሐይ በሚመታው መስታወት ሥር የተቀመጠ ትንሽ ካሜራ በራሱ ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ነው። ቀዝቃዛውን አየር ወደ መስታወቱ መንፋት ያድነዋል፤ ድምፁ ከካሜራው የሚወሰድ ከሆነ ግን ነፋሱ ንግግሩን ይቀብረዋል። ማይክሮፎኑ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ብቻ ነው በሁለቱ መካከል መምረጥ የማይገደደው። (ድልድዩ ራሱ ጥበቃ ያለበት በመሆኑ ከመድረሴ በፊት ቀረጻውን አቁሜ ከተሻገርኩ በኋላ እቀጥላለሁ።)

ንግግር የሚቀረጸው ልብስ ላይ በሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ነው። በግራ መሪ መኪና የሹፌሩ ቀበቶ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ዳሌ ስለሚወርድ ማይክሮፎኑ በቀኙ ኮሌታ ላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይሰካ፤ ከጎኑ ለተቀመጠው በተቃራኒው። ነጠላ ወይም ሻርፕ የለበሰች ተሳፋሪ ካለች ከጨርቁ ሥር ማስገባት መፋተግን ይጨምራል፣ ስለዚህ ጠርዙ ላይ ወደ ውጭ አውጥቶ መሰካት ይሻላል። ከዚህ ቀጥሎ የድምፁን መጠን በራሱ የሚያስተካክለውን አሠራር ማጥፋት ግድ ነው። ይህ አሠራር ሰው ዝም ባለ ቁጥር ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር መካከል የጎማው ጩኸት ይነሣና ንግግሩ ሲቀጥል ተመልሶ ይተኛል፤ ጆሮን ከማያቋርጥ ጩኸት ይበልጥ የሚያደክመው ይህ መነሣትና መውደቅ ነው። ከፍተኛው የንግግር ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም መሣሪያው ድምፅ ሳይሰባበር ከሚይዝበት ጣሪያ፣ በ12 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ እንዲል በእጅ ማስተካከልና ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መቁረጥ በቂ ነው፤ የመኪና ጩኸት አብዛኛው ከታች ነው፣ የወንድ ድምፅ እንኳ በአመዛኙ ከዚያ በላይ ይጀምራል።

የመኪናውን ድምፅ ለብቻው መቅረጽ ይገባል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ያ ጉርምርምታ የጉዞው ግማሽ ነው፣ ያለ እሱ ቪዲዮው የስላይድ ትርኢት ይመስላል። ሁለተኛውን መቅረጫ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል፣ ከራስ መደገፊያው ከፍታ ላይ፣ ፕላስቲክ ሳይነካ በስፖንጅ ተጠቅልሎ እንዲንጠለጠል አደርጋለሁ። የማርሚታውን ድምፅ የሚፈልግ ከኋላ፣ ከጭሱ አቅጣጫ ወደ ጎን ዘወር አድርጎ፣ ፀጉራም የነፋስ መከላከያ አልብሶ ይሰረው። መስኮት የሚከፈተው ቆሞ የአካባቢውን ድምፅ ለመውሰድ ብቻ ነው።

እነዚህን ሁሉ በኋላ ማገናኘት እንዳያስቸግር ካሜራውም የራሱን ድምፅ ይቅረጽ፣ ለመመሪያነት ያገለግላል። ከመነሣታችን በፊት መኪናው እንደቆመ አንዴ አጭር ክላክስ አደርጋለሁ፤ ሁሉም መሣሪያ አንድ ላይ ስለሚሰማው በአርትዖት ጊዜ ያችን ድምፅ ማሰለፍ ብቻ ነው። ነገር ግን የየመሣሪያው ሰዓት በጥቂቱ ስለሚለያይ በረጅም ቀረጻ ድምፁ ከምስሉ ቀስ በቀስ ይርቃል። ደጀን ላይ ቆሞ መሣሪያዎቹን ከማጥፋት በፊት ሁለተኛ ክላክስ ማድረግ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል፤ ድምፁን በዚያው ልክ ማሳጠር ወይም ማስረዘም በማንኛውም የአርትዖት ፕሮግራም የሚቻል ነው።