ከመቶ ሁለቱ
ዛሬ እዚህ ሜሪላንድ፣ ላስተረጉምላቸው ብዬ ከጋሽዬ ጋር የነርቭ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። "እስቲ ሸሚዝዎን ይቆልፉ" አለቻቸው ሐኪሟ። አውራ ጣታቸው ሥር ያለው ሥጋ ጎድጉዷል፤ ቁልፏ ቀዳዳው አፍ ላይ ትደርስና ታመልጣለች። "ይቺም ናቀችኝ!" ብለው ሳቁ።

ኤኤልኤስ ነው፤ ጡንቻን የሚያዙት የነርቭ ሴሎች እየሞቱ የሚሄዱበት በሽታ። በ1995 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሪሉዞል የሚባለው መድኃኒት ዛሬም ይታዘዛል፤ የሚጨምረው ዕድሜ ግን በወር የሚቆጠር ነው። በ2023 የጸደቀው ቶፈርሰን በወገብ በኩል በመርፌ ይሰጣል፤ እሱም የሶድ1 ጂን ለውጥ ላለባቸው ብቻ፣ ከመቶ ታማሚ ለሁለቱ ያህል። በሩ ጠባብ ነው። ግን እኮ የበሽታውን መነሻ ራሱን የሚነካ መድኃኒት ነው፤ ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

"ለሁለት ሰው ከሆነ አንዱ እኔ ልሁና" አሉ ጋሽዬ፣ ለጂን ምርመራው ክንዳቸውን እየሰጡ።