የሬገንስቡርግ ድልድይ ከእግሩ ሲታይ

ከሙኒክ በባቡር ተነስተን ጀርመን ውስጥ ያለችው ሬገንስቡርግ ከተማ የገባነው ረፋድ ላይ ነው። ታላቅ እህቴ መጀመሪያ ካቴድራሉን እንይ አለች። የእኔ ልብ ግን ዳኑብ ወንዝ ላይ ያለው አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ላይ ነበር።

ስደርስ ወዲያው ላዩ ላይ አልወጣሁም። ወንዙ ዳር ወርጄ እግሮቹን አየሁ። ዳኑብ እዚህ ቦታ ዝም ብሎ አያልፍም። እያንዳንዱ ቋሚ ዙሪያውን በድንጋይ ተከምሮ ትንሽ ደሴት ሆኗል። ውሃው መሠረቱን እንዳይሸረሽረው ነው። ታዲያ መንገዱ ሲጠበው ወንዙ በቅስቶቹ ስር ይንደረደርና ከወዲያ በኩል ይሽከረከራል። አንዲት ደረቅ ቅጠል ስትገባ በዓይኔ ተከተልኳት። ብቅ ስትል አዙሪቱ ያዛት፤ ሁለት ሦስቴ ዞረችና ሰጠመች።

ግንባታው የተጀመረው በ1135 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የዚያ ዓመት በጋ ደረቅ ነበር። ዳኑብ ሲጎድል ግንበኞቹ መሠረት ጣሉ፤ በ1146 ጨረሱት። ከ300 ሜትር በላይ ርዝመት፣ 16 ቅስት! ዛሬ ሁሉም አይታዩም። ማጋነን አይሁንብኝና፣ ያለ ሞተር በ11 ዓመት እንዲህ ያለ ወንዝ ላይ ይህን ማቆም ድንቅ ነው። በ1147 የመስቀል ጦረኞች ተሻግረውበታል። ለ800 ዓመት ገደማ ከተማዋ ሌላ የዳኑብ ድልድይ አልነበራትም።

መሃሉ ላይ ሽቅብ ያብጣል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ግንበኛው ከካቴድራሉ ግንበኛ ጋር ቀድሞ ለመጨረስ ተወራረደ። ሰይጣን መጀመሪያ የሚሻገሩትን ሦስት ነፍሶች ሊወስድ ተዋውሎ አገዘው። ግንበኛው ዶሮዎችና ውሻ ሰደደለት። ሰይጣን በንዴት ከስር ገፋው፤ ጎበጠም። ደስ ይላል፤ ግን የዛሬው ካቴድራል የተጀመረው ድልድዩ ካለቀ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሰይጣን ያላፈረሰውን ሰው አፈረሰው። በ1945 ጦርነቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የጀርመን ጦር ከፊሉን በፈንጂ አፈነዳ። ተጠግኖ ያለቀው በ1967 ነው። ከዚያ ደግሞ መኪና ሄደበት፤ እስከ 1997። አውቶቡስማ እስከ 2008። ይህ ያንገበግበኛል። በ2010 የተጀመረው እድሳት ያለቀው በ2018 ነው።

አሁን እግረኛና ብስክሌት ብቻ ነው ያለው። እህቴ ከላይ ሆና «ኧረ ና፣ ካቴድራሉ ሊዘጋብን ነው!» አለችኝ። «መጣሁ» አልኩና ሌላ ቅጠል ስትገባ አየሁ። ይቺኛዋ አመለጠች።