የክረምት ድርቆሽ

ባለፈው ክረምት አንድ ከረጢት ሙሉ የእንጀራ ድርቆሽ ጣልኩ። ከፋሲካ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ነበር። አፉን ስፈታ ሽታው ቀድሞ ወጣ። ከላይ ያለው ደህና ይመስላል። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ግን አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ጣቴ ላይ ቀረ። ጎረቤቴ «አራግፈሽ ፀሐይ አስመቺው፣ የቀረውን በርበሬው ይጨርሰዋል» አለችኝ። በርበሬ ሻጋታ አይጨርስም። አንዳንዱ ሻጋታ የሚተወው መርዝ ደግሞ በእሳትም አይጠፋም። ለዶሮም አልሰጠሁት፣ ቆፍሬ ቀበርኩት። ያ ሁሉ ጤፍ! ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ግራውንድ ላይ። ዕጣው ሲወጣልን ባለቤቴ ግራውንድ ስለደረሰን አኩርፎ ነበር፤ አቧራ፣ ጫጫታ፣ ሌባ ብሎ። አሁን ጠዋት ጎመኑን ሳያይ ከቤት አይወጣም። ከመስኮታችን ሥር ስድስት እርምጃ በሁለት የምትሆን መሬት አለችን። አለችን ልበል እንጂ የጋራ ናት። ስለዚህ ጎረቤት ቃሪያ ቢቀጥፍ አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

ወደ ድርቆሹ ልመለስ። ከቀበርኩት በኋላ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። መጀመሪያውኑ ይህ ሁሉ እንጀራ ለምን ይተርፋል? ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፍኩና ለአንድ ወር የተረፈውን ጻፍኩ። ቤታችን ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እናቴ። በሳምንት ሁለቴ 30፣ 30 እጋግር ነበር። ከዚያ ውስጥ በሳምንት ከ8 እስከ 11 ይተርፋል። ለምን 30 ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። የማቦካበት ባልዲ ልኩ እሱ ስለሆነ ነው። ባልዲው የእናቴ ነው። እሷ ደግሞ ስምንት ልጅ ያሳደገች፣ እንግዳ ከቤቷ የማይጠፋ ሴት ናት። እኔ ጋ ልጆቹ ፓስታ ካዩ እንጀራውን ዞር ብለውም አያዩት። ባልዲው ላይ በሚስማር ጭሬ ምልክት አደረግኩና ወደ 24 ወረድኩ። እናቴ ምልክቱን አይታ «ሰው ቢመጣስ?» አለች። እስካሁን ሰው መጥቶ አፍረን አናውቅም።

አሁንም ግን ይተርፋል፣ አይቀርም። በጋ ከሆነ ችግር የለም፣ ሰፌድ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን የእኛ ሰፈር ፀሐይ ብቅ ብላ ሰላም ብላ ነው የምትሄደው። መላውን ያገኘሁት ከምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል። ሸክላው አንዴ ከጋለ ቶሎ አይበርድም፤ ያን ሁሉ ሙቀት ዝም ብዬ ለኩሽናው አየር ስሰጥ ኖሬያለሁ።

አሁን የመጨረሻውን እንጀራ እንዳወጣሁ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ከባለፈው ጋገራ የተረፈውን እንጀራ በእጄ ቆራርሼ ምጣዱ ላይ እበትነዋለሁ። አክንባሎውን አልከድንም፤ ከተከደነ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና እንጀራው ይለሰልሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ አገላብጠዋለሁ። መድረቁን የምለየው በድምፁ ነው። ጨበጥ ሳደርገው እንደ ቆሎ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ከተጣጠፈ ገና ነው፣ ለሚቀጥለው ጋገራ ይመለሳል። ደርቆም ቢሆን በትኩሱ ዕቃ ውስጥ አላስገባውም፣ ያልበዋል። የዚያን ከረጢት ነገር መለስ ብዬ ሳስበው ጥፋቴ ይኸው ነበር። ላዩ የደረቀ መሃሉ ያልደረቀ እንጀራ ጠቅጥቄ አሰርኩበት። አሁን ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ገዝቼ ላዩ ላይ ቀኑን እጽፋለሁ።

ድርቆሹ ደህና ሆነ። ልጆቹ ግን ሌላ ጣጣ ናቸው። ትልቋ ልጄ አንድ ቀን ምሳ ዕቃዋን እንዳለ መለሰችው። «ማሚ፣ ከሰኞ እስከ ዐርብ ፍርፍር! አንቺ ብትሆኚ ትበይዋለሽ?» እውነቷን ነው፣ አልበላም። ስለዚህ ለፍርፍር በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሰጠሁት። የማታ ምስር ወጥ ከተረፈ ከተቀቀለ ድንች ጋር አሽቼ ቂጣ መሃል እጠቀልለዋለሁ። ሳምቡሳ ነው፣ ያለ ዘይት። ሽሮ ደግሞ አድሮ ሲጠጥር በቢላ ይቆረጣል። ቃሪያና ሽንኩርት ከትፌበት ቂጣ ውስጥ አስገባዋለሁ። ይሄኛውን ጓደኞቿም ይሻሙባታል አሉ።

ከጓሮው ብዙ የሚሰጠኝ ጎመን ነው። ከሥር ከሥሩ እየቀጠፍኩ ጫፉ ላይ አምስት ስድስት ቅጠል ከተውኩለት ለወራት ይሰጣል። እንዳለ የነቀልኩበት ጊዜ ነበር፣ ጅልነት። ክሽክሽ ሲወርበት አመድ እነሰንስበታለሁ። የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ምስር የታጠበበት ውሃ ሁሉም ወደዚያው ነው። የቀይ ሥር ቅጠል ድሮ ገበያ ላይ አስቆርጬ ነበር የምመጣው። ቀይ ሥርና ቆስጣ እኮ አንድ ዓይነት ተክል ናቸው፤ አንዱ ለሥሩ፣ አንዱ ለቅጠሉ የተመረጠ። አሁን ቅጠሉን እንደ ቆስጣ በነጭ ሽንኩርት አበስለዋለሁ። ድስቱ ይቀላል እንጂ ጣዕሙ አንድ ነው።

ዱባውን አልዘራሁትም። ከጣልኩት ቆሻሻ መሃል በራሱ በቀለና የደረጃውን ብረት ይዞ አንደኛ ፎቅ ደረሰ። ሰባት አፈራ። ሁለቱን ላይ ቤት ላሉት ሰጠሁ፣ በእነሱ በር በኩል ነው ያፈራው። የቀረውን ወጥ ብቻ አድርገን አንዘልቀውምና ዳቦ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ሊጥ እንደ ቡሆ ፈሰሰብኝ፤ ዱባው ከመቀቀያው ጋር ይዞት የመጣው ውሃ ነው። አሁን ከነልጣጩ ቆራርጬ በእንፋሎት አበስለውና ጨፍልቄ አጠነፍፈዋለሁ። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ሁለት ኩባያ። እርሾው፣ ጨውና ዱባው ከዱቄቱ ጋር በደንብ ተለውሶ ሳይታይ ጠብታ ውሃ አልጨምርም። ከሥር የምነጥፈው ለመብል የጠነከረ የጎመን ቅጠል ነው፤ ኮባ መግዛት ትቻለሁ።

ይሄ ዳቦ አንዴ ከእናቴ ጋር አጣልቶኛል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ላም ግን አትጾምም። በጾም ወተት ፈላጊው ስለሚቀንስ የሰፈራችን ባለ ላም ዋጋውን ቀነስ ያደርግልኛል። ትንሹ ልጄ ከሚጠጣው የተረፈውን አረጋዋለሁ፣ ልጆቹ በጠርሙስ ይንጡታል። ቅቤው ይወጣል። አሬራውን ቀስ ባለ እሳት አሙቄ አይቡን ሳጠል አጓቱ ይቀራል። አጓቱን መድፋት አሳዘነኝና ሊጡን አቦካሁበት። እንዴት ያለ ዳቦ ወጣ መሰላችሁ! እናቴ ከቅዳሴ መጥታ ቆርሳ አፏ ልታስገባ ስትል ነው ትዝ ያለኝ። «አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና ልታስገድፊኝ ነው?» አለችኝ። ለሦስት ቀን የእኔን ዳቦ አልቀመሰችም። ከዚያ ወዲህ ሊጡን ለሁለት እከፍላለሁ። የጾሙን በውሃ አቦካና ላዩ ላይ ጥቁር አዝሙድ እነሰንሳለሁ። እናቴ ጥቁር አዝሙድ ካላየች አትነካም።

ባለፈው እሑድ 24 ጋግሬ እስከ ረቡዕ ማታ ሁለት ብቻ ተረፈ። አንዱን ባለቤቴ ማታ በአዋዜ ጠቅልሎ በላው። ሌላኛው ዛሬ ምጣዱ ላይ ነው። ዝናቡ ውጭ ይወርዳል፤ ገና አልተንኮሻኮሸም።